ክራባት ያሰረ ቃል

ሰኞ 4

የፖሙን ሪፖርት ጨረስኩ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ፣ አሥራ አንድ ተኩል ሳይሞላ ባሕር ማዶ ደረሰ። እንዲህ የሚሠራ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ የተከማቸ ፖም ቅዳሜና እሑድን ሙቀት ገብቶበት ዛሬ ጠዋት ተበላሽቶ ተገኘ። መጋዘኑ ኢንሹራንስ የገባው እኛ ጋ ነው። መርማሪያችን ሄዶ ያያል፣ ያየውን በእጁ ጽፎ ያመጣል፤ እኔ ደግሞ ያንን ዋናው መሥሪያ ቤት በሚወደው እንግሊዝኛ አሳምሬ እጽፋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት እንጀራዬ ይኸው ነው።

መርማሪው ጋሽ ሜትር ነው። ስሙን ያወጣንለት ሜትሩን ኪሱ ሳይከት ሽንት ቤት እንኳ ስለማይሄድ ነው። አጻጻፉ ግን ልክ የለውም። «በሩ ሳይዘጋ የከረመ ይመስላል። የበሩን ማሸጊያ ላስቲክ አላየሁትም፤ መብራት አልነበረም። የጠባቂው ስህተት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።» ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ነገር ለመጻፍ መርማሪ ምን ያስፈልጋል? ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት «ይመስላል» ሾልካ ሄዳብን አሥራ አራት ጥያቄ አስከትላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ኃላፊያችን ደንብ አውጥታለች፤ «ይመስላል» የሚል ወረቀት ከዚህ ቢሮ አይወጣም። ስለዚህ እኔ ባገኘሁበት እነቅላትና በቦታዋ ጠንከር ያለ ነገር እተክላለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ። ግልጽ ነው ለማለት የተፈጠሩትን የእንግሊዝኛ ቃላት እንደ እኔ የሚያውቅ በዚህ ሕንጻ ውስጥ የለም። ኦብቪየስሊ የጎረምሳ ቃል ናት፤ አፍ ላይ ትቀላለች፣ ወረቀት ላይ ሲያዩዋት ታሳፍራለች። ክሊርሊ የአስተማሪ ናት። ኤቪደንትሊ ግን ክራባት ያሰረ ቃል ነው፤ የትኛውም ስብሰባ ይገባል፣ ማንም መታወቂያ አይጠይቀውም። ማኒፌስትሊን ለትልቅ ጉዳይ አስቀምጣታለሁ። ፔይተንትሊን የማወጣት በዓመት አንዴ ነው፤ ያወጣሁ ቀን የሚከራከረኝ የለም።

ለፖም ኤቪደንትሊ ይበቃዋል አልኩ። «ኤቪደንትሊ፣ ጠባቂው በቸልተኝነት በሩን ሳይዘጋ ሄዷል።» ሲነበብ ያምራል። የላስቲኩን ነገር ተውኩት፤ ያላዩት ነገር ሪፖርት አይሆንም።

ረቡዕ 6

መልሱ መጣ። አንድም ጥያቄ የለበትም! ኃላፊዋ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ለቢሮው ሁሉ አሳየች። የሪፖርት ክፍሉ ሹም በሚቀጥለው ወር ጡረታ ይወጣሉ። ስታልፍ ጎንበስ ብላ «ያንን ወንበር ከአሁኑ ቢለማመዱት ይሻላል» አለችኝ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ደስ ብሏታል፤ ግን ሳትነካካ አታልፍም። «አሁን ደግሞ ሹም ከሆንክ ማን ይችልሃል? እስከ ዛሬም ‹እንደሚታወቀው› ሳትል ጨው አታቀብልም።» ሳቅን።

ሰኞ 11

ጥድፊያ። ሦስት ሪፖርት፤ አንድ እሳት፣ አንድ መኪና፣ አንድ የፈነዳ ቧንቧ።

ደረጃ ላይ ሁለት ሰዎች ከፊቴ ሲወርዱ ሰማሁ።

«የፖሙን ጠባቂ ከሥራ አገዱት አሉ።»

«ያንን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራውን ሰውዬ?»

«ምን ያድርጉ? ሪፖርቱ ግልጽ ነው።»

ሪፖርቱ ግልጽ ነው። ምስጋና መሆኑ ነው እንግዲህ። ምሳ አልበላሁም፤ ጊዜ አልነበረም።

ረቡዕ 13

ዛሬ ሰውየው ራሱ መጣ።

እንግዳ ተቀባይዋ ናት የላከችው። «እንግሊዝኛ የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ» አለችኝ፤ እንግሊዝኛ ሲባል እኔ ነኝ። ስልሳ የሚጠጋ ቀጭን ሰው ነው። ጫማው ተወልውሏል። ፖስታውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ ተቀመጡ ስለው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ከፖስታው የወጣው የእኔ ሪፖርት ነው። ማኅተማችን አለበት፤ የእኔ ስም የለበትም። የእኔ ስም የትም ወረቀት ላይ የለም። አሠሪዎቹ አንዲት ቃል ላይ በቀይ አስምረዋል።

«ጌታዬ፣ ይህቺ ቃል ናት አሉ የያዘችኝ። ወር ከመውጣቱ በፊት፣ ሐሙስ ሀያ ስምንት፣ የመሥሪያ ቤቴ የዲሲፕሊን ጉባኤ ፊት እቀርባለሁ። ካባረሩኝ ጡረታዬንም አጣለሁ። ምን እንደምትል ቢነግሩኝ ብዬ ነው።»

«ግልጽ ነው፣ ለማንም የሚታይ ነው ማለት ናት» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቃሏን አያት።

«ለማን ነው የታየው?»

«የእነሱ አነጋገር እንደዚህ ነው፣ አባቴ።»

«አይ፣ ማለቴ ያየኝ ሰው ካለ ስሙን ቢነግሩኝ። ሄጄ ልጠይቀው። እኔ የማስታውሰው በሩን ገፍቼ፣ እጀታውን ሁለቴ ስስብ ነው። ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የምስበው። ግን ደግሞ የተማረ ሰው ዝም ብሎ አይጽፍም።»

ያየዎት ሰው የለም ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ናት። «ሪፖርት ብዙ ሰው ነው የሚያዘጋጀው» አልኩት። ውሸት አይደለም። አመስግኖኝ ተነሳ፤ ወንበሩንም ወደ ቦታው መለሰ።

ከሄደ በኋላ ቃሉን መዝገበ ቃላት ላይ ሦስት ጊዜ አየሁት። አጠቃቀሜ ትክክል ነው።

ሐሙስ 14

እንቅልፍ አልመጣ አለ። ሻይ አብዝቻለሁ።

የእሳቱ ሪፖርት ላይ ክሊርሊ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ጻፍኩ። ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ «ዛሬ ምነው?» አለችኝ። ወገቤን ነው አልኳት።

እሑድ 17

ዛሬ ጊዜ ስላለኝ በደንብ ልጻፍ።

ልጄ የእንግሊዝኛ ድርሰቷ ታርሞ ተመልሶላታል። ስለ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ነው። ባለፈው ሳምንት አሳምርልኝ ብላ ሰጥታኝ አምስት ቦታ ላይ ቃላቴን ሰክቼላት ነበር። አስተማሪዋ አምስቱንም በቀይ ከቦ ከታች ጽፏል፦ «ግልጽ ከሆነ ለምን ትነግሪኛለሽ? ግልጽ ካልሆነ ደግሞ አስረጂኝ።»

«አባዬ፣ ነጥቤን ያስቀነሱኝ ያንተ ቃላት ናቸው» አለች።

አስተማሪው ገና ልጅ ነው፣ መደበኛ አጻጻፍ አልገባውም አልኳት። ስለ ክብደት፣ ስለ ቅርጽ ብዙ አወራሁ። እሷ ግን ብርቱካኗን እየላጠች እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ እኮ ራሴ የምከታቸው ማስረጃ ሲያልቅብኝ ነው። ሲኖረኝ ማስረጃውን እጽፋለሁ።»

እናቷ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ባለቤቴም ይህን አየች። ልጅቷ ስትወጣ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገች።

«ምን ሆነሃል? ሰሞኑን ለጨው እንኳ ማብራሪያ አትሰጥም።»

አንድ ጓደኛዬ ብዬ ጀመርኩ። አንድ ጓደኛዬ ያላየውን ነገር የታየ አስመስሎ ጻፈ። በክፋት አይደለም፤ የሥራው ባሕርይ ነው። አሁን በዚያ ሰበብ አንድ ሰው ሊባረር ነው። ሰውየውም በእርግጥ በሩን ሳይዘጋው ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ማን ያውቃል?

እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ጓደኛህ መነጽር ያደርጋል?» አለች።

መነጽሬን አወለቅኩ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች ቀስ ብላ። «የጻፈው ሰው ካላስለቀቀው፣ ማን መጥቶ ያስለቅቀዋል?»

ነገሩ አንቺ እንደምታስቢው ቀላል አይደለም አልኳት። ወንበሩ አለ። የልጅቷ ትምህርት አለ። እሷም «ቀላል ነው መች አልኩ» ብላ ሳህኖቹን አነሳች። አፈርኩ። ከተጋባን ሀያ ዓመት ሆኖናል፤ እሷ ፊት እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ማክሰኞ 19

ጋሽ ሜትርን መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘሁት። ሪፖርቱን በቃል ተረጎምኩለት፤ እንግሊዝኛ አያነብም፣ እኔ ስሰጠው ይፈርማል። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ምን ይላል ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

«እኔ እኮ ይመስላል ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ላስቲኩን አላየሁትምም ብያለሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ያረጋገጠው ማነው?»

ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፣ ሳበው፣ ለቀቀው፣ መልሶ ከተተው። «አምኜህ ነው የምፈርመው» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ 22

በምሳ ሰዓት ከጋሽ ሜትር ጋር መጋዘኑ ሄድን። በአሥራ ሁለት ዓመት ሪፖርት የጻፍኩለትን ቦታ በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

በሩ እኔ ከጠበቅኩት በላይ ከባድ ነው። ሲከፈት ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይገባል። በጠባቂው ቦታ ጊዜያዊ ሠራተኛ አለ። ጋሽ ሜትር የእጅ መብራቱን በበሩ ዙሪያ አዞረ። ላስቲኩ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ አንድ መሰንጠቅ የሌለበት ነው።

«አዲስ ነው» አለ።

«ሰሞኑን ነው የተቀየረው» አለ ሠራተኛው። «አሮጌውን ከቆሻሻ ጋር ወሰዱት።»

ልቤ ዘለለ። አዲስ ከገጠሙ አሮጌው ያስገባ ነበር ማለት ነው! በሩ ተዘግቶም ሙቀት ይገባ ነበር፤ ሰውየው ነጻ ነው። ወደ መኪናው ስንመለስ ዓረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ አልቆ ነበር፤ ማኒፌስትሊን ከፊት አድርጌ፣ ላስቲኩ ለፖሙ መበላሸት ዋና ምክንያት መሆኑን የሚገልጽ። እንዲህ ያለ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ ቆይቻለሁ።

ለጋሽ ሜትር ነገርኩት። ቁልፉን እንደያዘ ቆመ።

«አሮጌውን አይተኸዋል?»

«አላየሁትም፣ ግን…»

«እኔም አላየሁትም።»

ጠባቂውን ለማዳን እንኳ የማውቀው ያንኑ አንድ ነገር ነው። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለ ራሴ ያሰብኩት ይህንን ነው፤ ደስ አይልም።

ሰኞ 25

ለኃላፊዋ ነገርኳት። በሩን ዘጋች፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ለዋናው መሥሪያ ቤት ተሳስተናል ልንል ነው?»

«ተሳስቻለሁ ነው የምለው።»

«በሩን ዘግቶት ነበር?»

«አላውቅም።»

«ሳይዘጋው ቀርቶ ቢሆንስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

ክፉ ሰው አይደለችም። ይህቺን ቢሮ በጥርሷ ነው ያቆመቻት። ወንበሩን በዚህ ሰሞን እንደሚሰጡ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ከገባ ከዚያ እንደማይወጣ ነገረችኝ። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች። «ይጻፉ። ግን የእርስዎ ስም ይሁንበት፤ የእኔ አይግባ። የጋሽ ሜትርም።»

ተገቢ ነው።

ረቡዕ 27

ነገ ጉባኤው ነው። ለዋናው መሥሪያ ቤትና ለጉባኤው የሚሆነው ደብዳቤ አለቀ። አራት ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሙሉ ቀን።

መርማሪው በሩ ሲዘጋም ሆነ ሳይዘጋ ሲቀር አላየም። ላስቲኩን አልመረመረም፤ አሮጌው ስለተጣለ አሁን መመርመር አይቻልም። ግልጽ ነው የሚለውን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ። ማስረጃ አልነበረኝም።

እንግሊዝኛው ደረቅ ነው። የትምህርት ቤት ልጅ የጻፈው ይመስላል። አምስት ጊዜ ላሳምረው ሞክሬ አምስት ጊዜ መለስኩት። ከታች ስሜን ጻፍኩ።

ሐሙስ 28

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ጉባኤው ሦስት ሰዎች ናቸው። ጠባቂው ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ጫማው ዛሬም ተወልውሏል። ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ ላስተረጉምለት የመጣሁ መስሎት ነው። ደብዳቤዬን አነበብኩ። ፊቱን አላየሁም፤ ወረቀቱን ነው ያየሁት።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ሰውየው እኮ አምነዋል።» ከፋይሉ አንድ ወረቀት አወጣ። በእጅ የተጻፈ ነው። «በሩን ሳልዘጋ ሄጃለሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ።» ፊርማ። ቀኑ ሀያ ነው፤ እኔ ቢሮ በመጣ በሳምንቱ።

«አስገድደውዎታል?» ብለው ጠየቁት።

«ኧረ ማንም አላስገደደኝ።»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

ተነስቶ ቆመ። «መጀመሪያ ዘግቼዋለሁ ብዬ ነበር። እጀታውን ስስብ ይታየኝ ነበር። በኋላ እኚህ ጌታዬ ለሁሉም የሚታይ ነው ማለት ነው ብለው አስረዱኝ። ሰው ሁሉ ያየውን እኔ ብቻዬን ካላየሁ እኔ ነኝ የረሳሁት አልኩ። እቤቴ ሆኜ ሳስበው፣ ሳስበው፣ ቀስ በቀስ እጀታው ጠፋብኝ። አሁን የሚታየኝ ክፍት በር ነው።»

አንዷ የጉባኤው አባል መነጽሯን አወለቀች። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ «እንዲህ ብለዋቸው ነበር?» አለኝ።

«ብያቸዋለሁ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም።»

ጠባቂው ያኔ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግሁ። አላገኘሁም።

ሐሙስ 5

ውሳኔው ወጣ። የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም፤ ጠባቂው ወደ ሥራው ይመለስ፤ ጡረታው ይጠበቅለት። ጋሽ ሜትር ሊነግረኝ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ ወጥቶ መጣ፤ ሲደርስ ትንፋሽ ስላጠረው መጀመሪያ ውኃ ሰጠሁት።

ወንበሩ ለሌላ ተሰጠ። ለአንድ ጎበዝ ልጅ፤ አጻጻፉ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ክሊርሊ ያበዛል። ከፍቶኛል። አልከፋኝም ብል ደብተሩ ራሱ ይታዘበኛል። ባለቤቴ ትከሻዬን ጫን አድርጋ አለፈች።

ማክሰኞ 10

ጋሽ ሜትር ለሌላ ሥራ ወደ መጋዘኑ ሄዶ ነበር። ጠባቂው በየቀኑ በሩን ሲዘጋ ሰው ይጠራል አለ። ሾፌር፣ ጫኝ፣ ማንም ያገኘውን። «ና እይልኝ» ይላል። መጀመሪያ ሳቁበት፤ አሁን ሲጠራቸው ሰልችቷቸው ይሸሻሉ። ሰው ሲያጣ በሩ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ባለፈው ዓርብ አንድ የሚያልፍ ሰው እስኪያገኝ ሁለት ሰዓት ተቀምጧል።

የዛሬ ሪፖርት አንድ ብቻ ነበር። ይመስላል ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊዋ አየችውና ፈረመች።

ቅዳሜ 14

መጋዘኑ ሄድኩ። ሥራ የለኝም እዚያ፤ ብቻ ሄድኩ።

የመዝጊያ ሰዓት ደርሶ ነበር። ጠባቂው በሩ ፊት ቆሞ ግራና ቀኝ ይመለከታል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። «እንኳን መጡልኝ፣ እስቲ እዚህ ይቁሙ» አለኝና ክንዴን ይዞ አቆመኝ።

በሩን ገፋው። እጀታውን ሳበ። አንዴ፣ ሁለቴ።

«ተዘጋ?»

«ተዘግቷል» አልኩ።

መለስ ብሎ አየኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሳበው።

«በደንብ አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ፣ አባቴ። ተዘግቷል።»

ረጅም ትንፋሽ አወጣ። መሀረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ።

«ሌሎቹም ይሉኛል» አለ፣ «ግን እቤቴ ስደርስ ይጠፋብኛል። እርስዎ ሲሉት ነው የማምነው።»

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኝ። ሰኞም እመጣለሁ አልኩት።